ልብ ፓምፕ ብቻ ነውን? የደም ዝውውር ሒሳባዊ አምሳያ ከይፋት ቆላ መስኖ አንጻር ሲመዘን

በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ ደም ዝውውር ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው «ልብ ፓምፕ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። ተማሪው ይጽፈዋል፤ ያጠናዋል፤ በፈተናም ጊዜ እንደ ተቀበለው አድርጎ ይመልሰዋል። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ምሳሌ መሆኑ ሳይነገር፣ የሚያስረዳውና የማያስረዳው ነገር ሳይለይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቁጥር ሳይፈተን ሲቀር ለተማሪው የሚያተርፍለት አንዱን ስም በሌላ ስም መለወጥ ብቻ ነው። ልብን ያላወቀ ልጅ ፓምፕን ስላወቀ ልብን ዐወቀ ሊባል አይችልም። ምሳሌው ዕውቀት የሚሆነው «ፓምፕ ከሆነ ስንት ይቀዳል? በምን ግፊት? ወዴት? የተቀዳውስ የት ይደርሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ጥያቄው በየትም ቦታ ሊነሣ ይችላል፤ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ባለው የይፋት ቆላ ግን ልዩ ክብደት ይኖረዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግሮ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወርዶ የሚያገኛት ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ከደጋው አፋፍ የሚወርዱት እንደ ሮቢና ጀውሃ ያሉ ወንዞች በቆላው አቋርጠው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያመራሉ፤ ገበሬውም ከእነርሱ ጠልፎ ሽንኩርቱንና ሌላውን አትክልት ያጠጣል። የማሽላና የማሾ አገር የሆነው ይህ ቆላ የቦይና የሞተር ፓምፕ አገርም ነው። የዚህ አካባቢ ልጅ ስለ ውሃ ግፊት፣ ስለ ደለል፣ ስለ ተራ አጠባበቅና ስለ ቦይ መሰበር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእርሻ ያውቃል። ስለዚህ የደም ዝውውርን ሒሳብ ለማስተማር መሣሪያው በእጅ አለ። እንደዚሁም ውሃው ራሱ ቢልሃርዚያን ይዞ ስለሚመጣ፣ ትምህርቱ ጎዶሎ ሲሆን ጉዳቱ በልጁ ሆድ ውስጥ ይታያል።

ሒሳባዊ አምሳያ ወይም ሞዴል ማለት አንድን ውስብስብ ነገር በጥቂት መጠኖችና በእነርሱ ግንኙነት መወከል ነው። በደም ዝውውር ጥናት የዚህ ዓይነቱ አሠራር ታላቅ ምሳሌ የእንግሊዛዊው ሐኪም የዊልያም ሃርቪ ሥራ ነው። ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 በፍራንክፈርት በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ የተቃወመው ከጥንታዊው ሐኪም ከጋሌን ጀምሮ የቆየውን አስተሳሰብ ነበር፤ ይኸውም ደም ከምግብ በጉበት እየተሠራ ወደ አካል ሄዶ እዚያው ያልቃል የሚለው ነው። ሃርቪ ብዙ እንስሳትን ከፍቶ ተመልክቷል፤ ክርክሩን የረታለት ግን የማባዛት ሒሳብ ጭምር ነው። ሆን ብሎ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ ምት ከልብ የሚወጣው ደም ግማሽ አውንስ ብቻ ቢሆን፣ ልብም በግማሽ ሰዓት አንድ ሺህ ጊዜ ብቻ ቢመታ፣ በግማሽ ሰዓት የሚወጣው ደም 500 አውንስ፣ ማለትም ከ14 ኪሎ ግራም ያላነሰ እንደሚሆን አሰላ። ይህን ያህል ደም በአንድ ሰው አካል ውስጥ የለም፤ ከሚበላውም ምግብ በግማሽ ሰዓት ሊሠራ አይችልም። እንግዲያው ያው ደም ተመልሶ መምጣት አለበት። የሚመለስበትን የረቀቀ መንገድ ሃርቪ አላየም፤ ጸጉር መሰል የሆኑትን ካፒላሪዎች ጣሊያናዊው ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ያየው እ.ኤ.አ. በ1661 ነው። ሒሳቡ ከዐይን 33 ዓመት ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

ይህን የመሰለ ታሪክ በክፍል ውስጥ በአንድ መስመር፣ «ሃርቪ የደም ዝውውርን አገኘ» ተብሎ ሲታለፍ የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። ሒሳቡን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ጣቱን በእጁ አንጓ ላይ አድርጎ የደም ሥሩን ምት በአንድ ደቂቃ ይቆጥር። 70 ቢያገኝ፣ በእያንዳንዱ ምት የሚወጣው የአዋቂ ሰው ደም ደግሞ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው ቢባል፣ 70 በ70 ሲባዛ 4,900 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 5 ሊትር ይሆናል። በሰዓት 294 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 15 ያህል፤ በቀንና በሌሊት 7,056 ሊትር፣ ማለት ባለ 200 ሊትር በርሜል 35 ያህል ነው። በአዋቂ አካል ውስጥ ያለው ደም ግን ራሱ 5 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከወንዝ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ ልጅ 35 በርሜል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ደሙ ዞሮ መመለስ እንዳለበትም ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል።

ቋንቋውም ያግዘዋል። አማርኛ ከልብ የሚወጣውን ሥር «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ የሚመጣውን «ደም መልስ» ይለዋል። ቀዳና መለሰ ሲጣመሩ የዑደቱ አምሳያ ራሱ በስሙ ውስጥ አለ። ውሃ የሚቀዳበትና ትራፊው የሚመለስበት ሥርዓት ያለው ሰው ሁለቱን ቃላት ሰምቶ ክቡን በአእምሮው ሊሥል ይችላል። በአማራ ክልል ተማሪው እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ ዘጠነኛ ሲገባ አርተሪና ቬይን የሚሉትን ቃላት ይቀበላል። አዲሶቹ ቃላት ክፉ አይደሉም፤ ለከፍተኛ ትምህርት ያስፈልጋሉ። ክፉው ነገር አሮጌዎቹ ቃላት ሳይፈተሹ መጣላቸው ነው። ደም ቅዳና ደም መልስ ለቃል ጥናት ብቻ ተሰጥተው፣ «ለምን እንዲህ ተባሉ?» የሚል ጥያቄ ሳይከተላቸው ይቀርና በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ስም ይተካቸዋል። ተማሪው ሁለት ጊዜ ስም አጥንቶ አንድ ጊዜም ሐሳቡን ሳያገኝ ሊያልፍ ይችላል።

የፓምፕ ምሳሌ የመጀመሪያ ጉድለት የሚታየው ስለ ግፊት ሲነሣ ነው። ፓምፕ ይገፋል፤ ልብ ግን ይገፋና ያርፋል። የግራው የልብ ክፍል በሚያርፍበት ጊዜ በውስጡ ያለው ግፊት ወደ ዜሮ ይቀርባል፤ በደም ቅዳዎች ውስጥ ያለው ግን ከ80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እምብዛም አይወርድም። ይህን ማን ያዘው? እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ በአንዲት ባዝራ የደም ቅዳ ላይ የመስተዋት ቱቦ ተክሎ ደሙ 8 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ማለት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል መውጣቱን ገልጿል። የደም ቅዳዎችንም የመለጠጥ ባሕርይ በዘመኑ በነበረው የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ላይ ከተገጠመው የአየር ጋን ጋር አመሳስሎታል። ፓምፑ ሲገፋ በጋኑ ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፤ ፓምፑ ሲያርፍ የታመቀው አየር ውሃውን መግፋቱን ይቀጥላል። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1899 ይህን ምሳሌ ወደ ሒሳብ ቀመር ለወጠው። ቀመሩ ሁለት መጠኖችን ብቻ ይጠይቃል፤ አንዱ ቀጫጭን ሥሮች ለፍሰቱ የሚያሳዩት ተቃውሞ፣ ሁለተኛው የትላልቆቹ ደም ቅዳዎች የመለጠጥ ዐቅም ነው። የሁለቱ ብዜት ግፊቱ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ይወስናል።

ለጤናማ አዋቂ ተቃውሞውን 1.12 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሰከንድ በሚሊ ሊትር፣ የመለጠጥ ዐቅሙን ደግሞ 1.5 ሚሊ ሊትር በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አድርጎ መውሰድ ይቻላል፤ ብዜታቸው 1.7 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ልብ ለግማሽ ሰከንድ ሲያርፍ 110 የነበረው ግፊት በቀመሩ መሠረት ወደ 82 ይወርዳል። ሥሮቹ በእርጅና ደርቀው የመለጠጥ ዐቅማቸው በግማሽ ቢቀንስ ግን ወደ 61 ይወርድ ነበር። በሁለት ቁጥር ብቻ የተገነባ አምሳያ በሽማግሌና በወጣት የደም ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት እስከዚህ ማሳየቱ የሚደነቅ ነው። በከፍተኛው ሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ስለ ኤክስፖኔንሻል ፈንክሽን ሲያስተምር፣ የሥነ ሕይወቱ መምህር ደግሞ በሌላ ክፍለ ጊዜ ስለ ደም ግፊት ሲያስተምር፣ ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ መሆናቸውን የሚነግራቸው ቢገኝ መልካም ነበር።

ይህን ሳይጽፉ በዐይን ማሳየትም ይቻላል። አንድ መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ አንድ ደረቅ ቱቦና አንድ ለስላሳ የጎማ ቱቦ ይበቃሉ። የሁለቱም ቱቦዎች ጫፍ ጠበብ ተደርጎ በስሪንጁ እያሳረፉ ሲገፉ፣ ከደረቁ ቱቦ ውሃው እየተቆራረጠ ይወጣል፤ ከለስላሳው ግን ይበልጥ ተያይዞ ይፈሳል።

ሁለተኛው ጉድለት ከበድ ይላል። ፓምፑ ላይ ዐይኑን የተከለ ትምህርት እርሻውን ይረሳል። ገበሬ ሞተሩን የገዛው ለሞተሩ ብሎ አይደለም፤ ውሃው መደቡ ላይ ደርሶ አፈሩን እንዲያርስ ነው። ደምም የሚዘዋወረው በካፒላሪዎች በኩል ኦክስጅንና ምግብ ለሥጋ ለማድረስ ነው። በዚህ ረገድ ቦይ ከፓምፕ የተሻለ አምሳያ ነው፤ በካፒላሪው ግድግዳ የሚሰርገው ፈሳሽ ወደ ሥጋው ገብቶ፣ አብዛኛው ወደ ደም ተመልሶ፣ ትራፊውን የሊምፍ ሥሮች እንደ ማጠንፈፊያ ቦይ ሰብስበው ይመልሱታል። የሊምፉ ቦይ ሲዘጋ እግር እንደሚያብጥ ሁሉ ማጠንፈፊያ የሌለው መደብም ውሃ ያቁራል።

ከዚህ የሚበልጠው ንጽጽር የተራው ጉዳይ ነው። በብዙ የመስኖ ቦታዎች «የውሃ አባት» የሚባለው ሰው ውሃውን በተራ ያከፋፍላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ገበሬ አፉን በአንድ ጊዜ ቢከፍት በቦዩ ጫፍ ላለው አንድም አይደርሰውም። በአካልም ውስጥ ካፒላሪዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ በሰፊው ቢከፈቱ አምስቱ ሊትር ደም አይበቃቸውም፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ ሰውየውም ራሱን ይስታል። የውሃ አባትን ሥራ የሚሠሩት ከካፒላሪ በፊት ያሉት ትንንሽ የደም ቅዳዎች ናቸው። ግድግዳቸው ጡንቻ ስላለው ይጠባሉ፤ ይሰፋሉም። ሲጠቡና ሲሰፉ ውጤቱ እንዴት እንደሚበዛ ፈረንሳዊው ፑዋዜይ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቀጫጭን የመስተዋት ቱቦዎች ለክቶ አሳይቷል፤ ፍሰቱ ከቱቦው ዲያሜትር አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ይህን አንድ ቁጥር የማያውቅ ተማሪ ስለ ደም ሥር ጥበት የሚነገረውን ሁሉ አቃልሎ ያየዋል።

የይፋት ቆላ ሙቀት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ይቀዳል የተባለው በምቹ አየር ነው። በጠንካራ ሙቀት ጊዜ አካል ራሱን ለማቀዝቀዝ የቆዳን ሥሮች ይከፍታል፤ በከባድ ሙቀት ወደ ቆዳ ብቻ የሚሄደው ደም በደቂቃ እስከ 6 እና 7 ሊትር ሊደርስ ይችላል። የሚሠራው ጡንቻም ድርሻውን ይጠይቃል፤ ላብ ደግሞ የደሙን ውሃ ይቀንሳል። እንግዲህ በቀትር ማሽላ ሲሸከም የዋለ ሰው ድንገት ሲንገዳገድ ልቡ ደከመ ከማለት በፊት ማከፋፈያው ተጨነቀ ማለት ይቀርባል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርተር ጋይተንም በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አጥብቆ ያስተማረው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፤ ልብ የሚቀዳው የተመለሰለትን ያህል ነው፤ በጤናማ ሰው የፍሰቱን መጠን በአብዛኛው የሚወስነው የአካል ፍላጎትና የሚመለሰው ደም እንጂ ልብ ብቻውን አይደለም። ጋይተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡት ታላቅ አምሳያ ከሦስት መቶ በሚበልጡ ሳጥኖች የተሣለ ነበር፤ ልብ ከእነዚያ መካከል ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። ይህ ለ«ልብ ፓምፕ ነው» ጥሩ እርማት ነው።

ፓምፑን ሙሉ በሙሉ መናቅ ግን አይገባም። ምሳሌው በደንብ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ ይኸውም ክዳኖቹ ናቸው። የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ በሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት የልብ ክዳን ሲጎዳ፣ ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይከፈት የነበረው የግራው ልብ መግቢያ ወደ 1 ተኩልና ከዚያም በታች ሊጠብ ይችላል። በኢትዮጵያ ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚጎዳውን ይህን በሽታ የፓምፕ ቫልቭ ሲበላሽ ያየ ተማሪ በቀላሉ ይረዳዋል።

በቆላው ትምህርት ቤት ግን ከሁሉ በላይ መነሣት የሚገባው ቢልሃርዚያ ነው። በሸዋ ሮቢት አካባቢ የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በጥገኛ ትላትሎች ምዕራፍ ነው፤ ቀንድ አውጣው፣ ውሃው፣ ቆዳው ተዘርዝረው ምዕራፉ ይዘጋል። ትሉ የሚኖረው ግን በደም ሥር ውስጥ ስለሆነ ቢልሃርዚያ የደም ዝውውር ትምህርትም ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ወንዱና ሴቷ ተጣምረው በአንጀት ዙሪያ ባሉት ደም መልሶች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ሴቷም በቀን እስከ 300 ዕንቁላል ትጥላለች። ከዕንቁላሎቹ ከፊሉ አንጀትን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ከፊሉን ግን የደሙ ፍሰት ጠርጎ ወደ ጉበት ይወስደዋል።

ለምን ወደ ጉበት? የፓምፑ ሥዕል መልስ የለውም። በዚያ ሥዕል ደም ከልብ ወጥቶ፣ አንድ ጊዜ በካፒላሪ አልፎ ይመለሳል። የአንጀትና የጣፊያ ደም ግን ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት ፖርታል በሚባለው ትልቅ ሥር ወደ ጉበት ገብቶ ለሁለተኛ ጊዜ በቀጫጭን መንገዶች መበተን አለበት። የመስኖ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የላይኛውን መደብ ያጠጣው ትራፊ ውሃ የታችኛውን መደብ ያጠጣል። የታችኛው መደብ መግቢያ በደለል ቢሞላ የሚጨቀየው የላይኛው ነው። በጉበት ውስጥ ደለሉ በዕንቁላሎቹ ዙሪያ የሚረጋው ጠባሳ ነው። ደሙ ወደ ኋላ ሲተኛ ጣፊያ ያብጣል፤ በሆድ ውሃ ሊቋጠር ይችላል፤ መውጫ ያጣውም ደም እንደ ተገደበ ቦይ በጎን በኩል ይሾልካል። ከመሹለኪያዎቹ አንዱ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያሉት ስስ ሥሮች ናቸው። እነርሱ ሲፈነዱ ሰውየው ደም ያስመልሳል፤ ብዙዎችን የሚገድለውም ይኸው ነው።

ይህን በቁጥር ማስረዳት ከስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም። በፖርታል ሥር በደቂቃ 1 ሊትር ያህል ደም ያልፋል፤ ከጉበት በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት በጤናማ ሰው 4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው እንበል። የማለፊያዎቹ ዲያሜትር በአንድ አራተኛ ብቻ ቢጠብ፣ 0.75 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 0.316 ይሆናል፤ ስለዚህ ያንኑ 1 ሊትር ለማሳለፍ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ያስፈልጋል። 4 ለ0.316 ሲካፈል 12.7 ያህል ነው። ሐኪሞች በሌሎች የጉበት ሕመሞች ላይ ባደረጉት ምርመራ የእነዚያ ስስ ሥሮች የመፈንዳት አደጋ የሚጀምርበት ልዩነት 12 ገደማ መሆኑን አግኝተዋል። ከጤና ወደ አደጋ የሚያደርሰው የሩብ ጥበት ነው ማለት ነው።

ስሌቱ እውነተኛው ጉበት እንዲህ ነው አይልም። ጠባሳው ሁሉንም መንገድ እኩል አያጠብም፤ ፍሰቱም 1 ሊትር ሆኖ አይቆይም፤ የጎን መሹለኪያዎቹ ግፊቱን ከፊል ያቃልሉታል። የፑዋዜይም ሕግ የተገኘው በማይለጠጥ ቱቦ ውስጥ ሳይቆራረጥ በሚፈስ ፈሳሽ ነው፤ ደም ግን ሕዋሳት የተሞላበት ፈሳሽ ነው፤ በትልልቆቹ ደም ቅዳዎችም ውስጥ እየዘለለ ይሄዳል፤ ለዚህም የእንግሊዙ ወመርስሊ እ.ኤ.አ. በ1955 ሌላ ሒሳብ አዘጋጅቷል። የቦዩም ምሳሌ ወሰን አለው፤ ቦይ በመሬት ስበት የሚወርድና ላዩ ክፍት የሆነ ሲሆን የደም መንገድ ግን ዝግ ነው። መምህሩ እነዚህን ልዩነቶች ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያወጡ ቢያደርግ የትምህርቱ ግማሽ በዚያ ተፈጸመ። የምሳሌን ጉድለት ማግኘት ምሳሌውን ከማጥናት የበለጠ የሒሳብ አስተሳሰብ ይጠይቃልና።

የሰዓት ማነስና የክፍል ብዛት እንደ መቃወሚያ ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ከላይ የተጠቀሱት ስሌቶች ከአንዱ በቀር በአንድ ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ የሚያልቁ ናቸው፤ ከሚተኩትም የቃል ዝርዝር አይረዝሙም። ይልቅስ የሚያስፈልገው በፈተና ወረቀት ላይ ያለው ጥያቄ መለወጥ ነው። «የልብ ክፍሎችን ስም ጻፍ» የሚል ጥያቄ እስከ ቀጠለ ድረስ መምህሩ ማባዛትን በሥነ ሕይወት ክፍል የሚያስገባበት ምክንያት አያገኝም።

ከትምህርቱ ሊቀሩ የማይገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ እንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ቦታ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያ የተነሣው ምርምር አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተጀመረው ዘመቻ ለተማሪዎች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ በጉበት ውስጥ የረጋውን የቆየ ጠባሳ ግን በፍጥነት አያነሣም፤ ወደዚያው ቦይ ተመልሶ የገባውንም ልጅ ከአዲስ ትል አይጠብቅም። ክኒኑን ተቀብሎ ሆዱ ጤነኛ ስለ መሰለው በማግሥቱ ቦይ ውስጥ ለሚዋኝ ተማሪ፣ ዲያሜትሩ በሩብ ሲጠብ ግፊቱ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥበትን ምክንያት በራሱ እጅ ማስላት መቻል አለበት።